ያልተጠየቀ የአያት ስም

ኅዳር 9 ቀን 1988

ይድረስ ለጋሼ፤

እንዴት ከረሙልኝ? እዚህ ሁላችንም ደህና ነን፤ ከእርስዎ መሄድ በቀር የጎደለብን የለም ብዬ ልጀምርና እጄ ቆመ። ይህ አራተኛው ወረቀት ነው፤ ሦስቱን ቀድጃቸዋለሁ። ይህኛውን እንዳልቀድ ሾፌሩ የአምቡላንሱን ሞተር አስነስቶ በር ላይ እየጠበቀኝ ነው። እኔም ጋቢናው ውስጥ ገብቼ ጉልበቴ ላይ እጽፋለሁ። «እቴ፣ ደብዳቤ ነው የምትጽፊው ወይስ ውርስ ነው የምታካፍይው?» ይለኛል።

ወንበሬ ላይ ማን ተቀመጠ ብለው ጠይቀዋል። እስካሁን ማንም። አዲስ ኃላፊ ከሌላ ክፍል ይመጣል ይባላል። መሰላል፣ ያው ቁመቱን ተማምኖ፣ ከላይኛው መደርደሪያ ካርድ በእጁ እያወረደ ጃኬቱን ወንበርዎ ላይ ያንጠለጥላል፤ ያቺ አፏ የማይዘጋ ራዲዮ ደግሞ ባየችው ቁጥር ትነጥቀውና መሬት ትጥለዋለች። «ሰውየው አልሞተም!» ትለዋለች። ካርድ ክፍሉ ውስጥ ከእሷ በቀር የእርስዎን ነገር ጮክ ብሎ የሚያነሳ የለም።

ሥራዬንም ጠይቀዋል። እኔ እንደ ድሮው የተመለሱ ካርዶች ጠረጴዛ ላይ ነኝ፤ ሐኪሞቹ አይተው የመለሱትን በቁጥር እየደረደርኩ ወደ መደርደሪያው እመልሳለሁ። የሙከራ ጊዜዬ ባለፈው ሰኞ አለቀ። አስተዳደር ጠሩኝና «ቋሚ ሠራተኛ ሆነሻል» የሚል ደብዳቤ ሰጡኝ። ጸሐፊዋ «ምነው ፊትሽ? ደስ አይልሽም እንዴ?» አለችኝ። ደስ ብሎኛል አልኳት። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን እስከ መጨረሻ ከፍቼ አለቀስኩ።

እሑድ እትዬን ሄጄ አየኋቸው። ደህና ናቸው። የልብ ክትትላቸውን አላቋረጡም፤ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ይወስዳሉ፤ «ሐኪሜ እዚህ ባይሆን ኖሮ ተከትዬው እሄድ ነበር» ይላሉ። ሻይ ቀዱልኝና አጠገቤ ቁጭ ብለው፣ «ሠላሳ ዓመት አብሬው ስኖር ካልሲውን እንኳ አምታቶ አያውቅም። ምን ነክቶት ነው የሰው ካርድ ያምታታው?» አሉኝ። ሻዩን እንደ ጋለ ዋጥኩት።

ያን ነገር በደብዳቤ እንዳላነሳ አስጠንቅቀውኛል። አላነሳም። አንዲት ጥያቄ ብቻ ትፈቀድልኝ፤ ለምን፣ ጋሼ?

ልጅዎ
ጭምቷ


ታኅሣሥ 21 ቀን 1988

ለጭምቷ፤

ጤና ይስጥልኝ፣ ልጄ። ሾፌሩ «በሞተር ነው የጻፈችው» ብሎ ሲያቀብለኝ ነገሩ አልገባኝም ነበር፤ ፊደሉ ሲንቀጠቀጥ አይቼ ሳቅሁ። ከመጣሁ የመጀመሪያዬ ነው።

ቦታው ምን ይመስላል ሳትይ አትቀሪም፤ ጤና ጣቢያው ሦስት ክፍል ነው። የእኔዋ ሁለት መደርደሪያ፣ አንድ መስኮትና አንድ እግሩ የተሰበረ ጠረጴዛ አላት። ጆሮው የማይሰማ ዘበኛ አለን። በመጣሁ ቀን «ስምህ ማን ነው?» ብለው ሰዓቱን አይቶ «ስምንት» አለኝ። ይኸው ስምንት እያልኩ እጠራዋለሁ፤ እሱም አልተቃወመም። በቀን አሥራ አምስት ሰው ቢመጣ ነው። ሁሉንም በመልክ ስለማውቃቸው ካርድ ላምታታ ብል እንኳ አልችልም።

ለምን ላልሽው አንድ ጊዜ እመልስልሻለሁ፤ ሁለተኛ እንዳትጠይቂኝ። ሁለት ሴቶች ስማቸው አንድ፣ የአባታቸው ስም አንድ። መስኮቱ ላይ ሰው ተጋፍቶ ነበር። አንቺ የአያት ስም ሳትጠይቂ የአንዷን ካርድ ለሌላዋ አወጣሽላት። በትክክለኛው ካርድ ላይ በቀይ «ይህ መርፌ አይስማማትም» ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ ያወጣሽው ላይ አልነበረም። ሐኪሙ ያየውን ይዞ አዘዘ። ልጅቷ ከሰዓት በኋላ አረፈች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር። የሙከራ ሠራተኛ በመውጫ መዝገቡ ላይ ስለማይፈርም ፊርማው የእኔ ነው። ጉዳዩን የመረመረው ኮሚቴ «አንተ ነህ ያወጣኸው?» አለኝ። አዎ አልኩ። ይኸው ነው።

አንቺ ያኔ ሦስት ወርሽ ነበር። በዚያው ቀን ያባርሩሽ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ የትም መሥሪያ ቤት አይቀበልሽም። ታናናሾችሽ የሚያዩት አንቺን እንደሆነ ነግረሽኛል። እኔን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስላገለገልኩ አዛወሩኝ እንጂ አላባረሩኝም። ከሁለታችን የሚችለው ተሸከመው፤ አለቀ። አንቺ ሥራሽን ተማሪ።

ባለቤቴን ስለምታያት ውለታሽ አለብኝ። ካልሲ ያለችው ግን ውሸቷን ነው፤ ሁለቴ አምታትቻለሁ።

ጋሼሽ


ጥቅምት 4 ቀን 1990

ይድረስ ለጋሼ፤

«እንኳን ደስ ያለሽ» ያሉበትን ወረቀት መሳቢያ ውስጥ አስቀምጫለሁ። ሁለቴ አነበብኩት፤ ለሦስተኛው ድፍረት አጣሁ። አዎ፣ የሰሙት እውነት ነው። ከእርስዎ በኋላ የመጡት ኃላፊ ወደ ግዢ ክፍል ሄዱ፤ አስተዳደር «መደርደሪያውን አብልጦ የሚያውቅ ማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ሁሉም ወደ እኔ ጠቆሙ። ከተመለሱ ካርዶች ወደ ስም ማውጫው፣ ከስም ማውጫው ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ እርስዎ ወንበር። ስሾም ሁለት ዓመት አልሞላኝም ነበር። ቡድን መሪ ከተባልኩ አምስት ወር ሆነኝ። እስካሁን ያልጻፍኩልዎ እንዴት ብዬ እንደምጽፈው ስላልገባኝ ነው። በወንበርዎ ተቀመጥኩ ይባላል?

ሥራውን እንዴት ያዝሽው ላሉኝ፤ አጥብቄ ይዤዋለሁ። ካርድ ከመውጣቱ በፊት ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ቁጥር ሁለት ሁለት ጊዜ ይጠየቃል። ሁለት ሰው ይፈርማል። ያረፈደ ይመዘገባል። በሥራ ሰዓት ወሬ የለም። የተሳሳተ ሰው በዚያው ቀን በጽሑፍ ይጠየቃል። መሰላል «እዚህ ቤት ማስነጠስም በማመልከቻ ሆነ» ብሎ አሾፈ፤ ለእሱም ማስጠንቀቂያ ጻፍኩለት። ግን ይኸው ከተሾምኩ ጀምሮ ካርድ ተምታታ የሚል አንድም ሪፖርት አልመጣም። አንድም! ይህን ብነግርዎ ደስ ይልዎታል ብዬ ነው።

ከስተሻል አለኝ ሾፌሩ ላሉት፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው።

እትዬ ደህና ናቸው።

ጭምቷ


ኅዳር 30 ቀን 1990

ለጭምቷ፤

ደህና ነሽ ወይ? ዛሬ የምጽፈው ደስ ስለማይልሽ አስቀድሜ ይቅርታሽን ልለምን፤ አንቺን መቆጣት አልለመድኩም።

ሾፌሩን እንዳትቀየሚው። እኔ ነኝ አፋጥጬ የያዝኩት። «ሰው ሁሉ እንዴት ነው?» ብለው «ደህና ነው» አለ። «ራዲዮስ?» ብለው መሪውን ሲጠርግ ቆይቶ «ዝም ብላለች» አለኝ። ራዲዮ? ዝም? ልጄ፣ እኔ ያቺን ሴት አሥራ አንድ ዓመት አውቃታለሁ። ጥርሷን ተነቅላ፣ አፏን ጥጥ ሞልተውባት እንኳ የጥርስ ሐኪሙን የትዳር ታሪክ ይዛልን መጥታለች። እሷ ዝም ካለች ያ ክፍል ታሟል ማለት ነው።

የፈራ ሠራተኛ አይሳሳትም ብለሽ ነው? ይሳሳታል። ከሌላው የሚለየው መደበቁ ነው። አንድም ሪፖርት አልመጣም ብለሽ ጻፍሽልኝ። እኔ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሦስት አራት ስህተት ያልተነገረኝ ሳምንት አላስታውስም፤ «ጋሼ፣ ጉድ ሆንኩ» እያሉ ይመጣሉ፣ ተሯሩጠን እናስተካክላለን። የአንቺ ቤት ጸጥታ አስፈርቶኛል።

የምትቀጪው እነሱን እንዳልሆነ እኔ አውቃለሁ። ራስሽን ነው። እነሱ ግን አያውቁም፤ በማያውቁት ነገር ነው የሚገረፉት። አንቺን ከዚያ ኮሚቴ ያወጣሁሽ ለሌላው ኮሚቴ እንድትሆኚበት አይደለም።

ከበድ ካለብሽ ቅደጂው። እኔ ግን ብዬዋለሁ።

ጋሼሽ


ግንቦት 2 ቀን 1990

ይድረስ ለጋሼ፤

ሦስት ቀን አኮረፍኩዎ፤ አልዋሽም። ከዚያ ወዲህ የዘገየሁት ግን የሚጻፍ ነገር እስኪኖረኝ ነው እንጂ በኩርፊያ አይደለም።

በአራተኛው ቀን ራዲዮን ከግቢው ማዶ ሻይ ቤት ይዣት ሄድኩ። «በዚህ ወር ሰባት ቀን አርፍደሻል፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁሽም» አልኳት። ሻይዋን አማሰለች፣ አማሰለች። «መዝግበሽኛል እኮ። ከተመዘገበ በኋላ ደግሞ መጠየቅ ምን ያደርጋል?» አለችኝ። አንገቴን ደፋሁ። እናቷን የመርሳት ሕመም ይዟቸዋል ለካ። ጎረቤቷ እስክትመጣ ብቻቸውን ጥላ መውጣት አትችልም። አንድ ቀን ጥላቸው ወጥታ አውቶብስ ፌርማታ ላይ ቆመው አገኘቻቸው። «ልጄን ከትምህርት ቤት ላመጣ ነው፤ እንዳትጠብቀኝ» አሏት። ልጃቸው እሷው ናት። ያቺ ስንቱን የምታወራ ሴት ይህን ለአንድ ሰው ተንፍሳ አታውቅም።

አሁን አንድ ሰዓት ዘግይታ ትገባለች፤ አንድ ሰዓት ዘግይታ ትወጣለች። ከሰዓት በኋላ የሚመለሱ ካርዶችን ቆጥራ የምትዘጋው እሷ ናት። ለአስተዳደር ማስፈቀዱ ሦስት ጊዜ አመላለሰኝ፤ በሦስተኛው ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብዬ አልነሳም አልኩ። ጭምቷ ናት እንዲህ ያለችው ሲባል ሰው አላመነም።

ከዚያ ሁሉንም ሰብስቤ «ከዛሬ ጀምሮ ስህተቱን መጥቶ የነገረኝ ሰው በጽሑፍ አይጠየቅም» አልኩ። ማንም አላመነኝም። እኔም በነሱ ቦታ ብሆን አላምንም ነበር። ስለዚህ በዚያ ሳምንት የሠራሁትን የራሴን ስህተት ተናገርኩ፤ አንድ ካርድ ከነ ውጤቱ ሌላ መደርደሪያ ላይ አስቀምጬ ሰውየው ግማሽ ቀን ቆሞ ውሎ ነበር። በማግሥቱ መሰላል መጣ። ያ ቁመት ያለው ሰውዬ ግማሽ ሆኖ። መሳቢያውን ከፍቶ አሳየኝ፤ ቦታቸው የጠፋባቸው አሥራ አንድ ካርዶች። «ማስጠንቀቂያ ከጻፍሽልኝ ጀምሮ ነው» አለኝ። አሥራ አንድ ሰው «ካርድህ ጠፍቷል» ተብሎ እንደ አዲስ ተመዝግቧል። እርስዎ እንዳሉት ነበር ጋሼ፤ ዝም ያለው ሪፖርቱ ነው እንጂ ስህተቱ አልነበረም። መሬት ላይ ዘርግተን፣ ሁለታችን ተንበርክከን፣ አንድ በአንድ ቦታ ቦታቸውን አገኘንላቸው።

ትናንት ራዲዮ የጥርስ ሐኪሙን ሁለተኛ ጋብቻ እስከ ምሳ ሰዓት አወራችን። ማንም አልመዘገባትም።

እትዬ ደህና ናቸው።

ጭምቷ


ሰኔ 8 ቀን 1990

ለጭምቷ፤

ስለ ራዲዮ እናት አንብቤ ሆዴ ባባ፤ ስለ መሰላል መሳቢያ አንብቤ ደግሞ ለስምንት በምልክት ላስረዳው ስሞክር ሁለታችንም ሳቅን። ጎሽ፣ ልጄ። ሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፋለሁ።

ዛሬ አንድ ነገር ብቻ። ስለ ሌላ ሰው እናት ገጽ ሙሉ ጽፈሽ ስለ ባለቤቴ የጻፍሽልኝ ሁለት ቃል ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ሁለት ቃል ነው። የራሷም ደብዳቤ ፊደሉ ተንጋዷል፤ ብጠይቃት «መነጽሬ ተሰብሮ ነው» አለችኝ። እሷ ያለ መነጽር መርፌ ላይ ክር የምታስገባ ሴት ናት። አንቺም ነገር ስታሳጥሪ አውቅሻለሁ።

ምንድን ነው?

ጋሼሽ


ሐምሌ 3 ቀን 1990

ይድረስ ለጋሼ፤

ይምጡ። ሰላምታውን ይቅር ይበሉኝና ዛሬውኑ ፈቃድ ጠይቀው ይምጡ።

የእትዬ ልብ ደክሟል። ከጥር ወዲህ ደረጃ መውጣት አይችሉም። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ እኛው ሆስፒታል ተኝተዋል፤ ሁለተኛ ፎቅ፣ መስኮት አጠገብ። ካርዳቸውን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ አራት ጊዜ አረጋግጬ። ለእርስዎ እንዳልጽፍ አስምለውኝ ነበር። «ሥራውን ጥሎ ቢመጣ ያቺኑ የተረፈችውን ያጣታል። ክረምቱ ይውጣና ራሴ እነግረዋለሁ» አሉኝ። እሺ አልኩ። እሺ ብሎ ዝም ማለት ለምዶብኛል።

ሌላም ነገር አለ፤ ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት። ትናንት አጠገባቸው ተቀምጬ ብርቱካን ስልጥላቸው «ያን ካርድ ያወጣሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው። አላሰብኩትም፤ ወጣ። ብርቱካኑን ከእጄ ተቀበሉኝ። ከዚያ «መጀመሪያ ቤቴ የመጣሽ ቀን ሻይ እንደ እሳት ስትውጪ አውቄዋለሁ» አሉኝ።

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«እስክትነግሪኝ እየጠበቅሁ ነዋ። አስጠበቅሽኝ እኮ።»

እጄን ያዙኝ። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «እሱን ግን ተቆጥቼዋለሁ» አሉ። «ለሌላ ሰው ልጅ ደህንነት ብሎ እኔን ብቻዬን ጥሎኝ ሄደ። አንድ ቃል ሳይነግረኝ። ይምጣና አሳየዋለሁ።» ይህን ሲሉ ከንፈራቸው ፈገግ ብሎ ነበር።

ስለዚህ ይምጡና ይቆጡዎት።

ዛሬ ጠዋት ለአስተዳደር እውነቱን ጽፌ አስገብቻለሁ። እርስዎ ይከለክሉኛል ብዬ ካስገባሁ በኋላ ነው የምነግርዎ።

መንገዱ በዝናብ ሳይዘጋ ይምጡ ጋሼ።

ጭምቷ


መስከረም 19 ቀን 1991

ለጭምቷ፤

ከተመለስኩ ሁለት ሳምንቴ ነው። በደህና ደረሱ ወይ እያልሽ በሾፌሩ ስትልኪብኝ መልስ የነፈግሁሽ ደረስኩ የሚለው ቃል አልወጣ ብሎኝ ነው። አልደረስኩም እኮ። ያኔ ወደ ባለቤቴ ስመጣ ወንዙ ድልድዩን ይዞት ሄዶ አምስት ቀን ማዶ ቆምን። ከአውቶብሱ ወርጄ ወንዙን ሳየው ዋልኩ፤ በሦስተኛው ቀን እንዳረፈች ያወቅሁ ይመስለኛል። ስመጣ የመቃብሯ አፈር ገና እርጥብ ነበር።

በር ላይ አቅፈሽኝ ስታለቅሺ እጄን አላነሳሁም። በዚያ እንደምትብሰለሰይ አውቃለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፤ ተቆጥቼሻለሁ። ስድስት ወር ታማ፣ አንቺ በየእሑዱ እያየሻት፣ ለእኔ «ደህና ናቸው»።

ቁጣዬን ይዤ መደርደሪያዎቹ መሐል ስቀመጥ ግን አንድ ነገር ይመጣብኛል። መደበቅን ማን አስተማራት? የመጀመሪያ ሥራሽ ላይ፣ ገና ሦስት ወርሽ ሳለ፣ ጥፋት ሲደርስ ዝም ይባላል ብዬ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። ረዳኋት ብዬ ስኮራ ኖርኩ። ሸፈንኩሽ እንጂ አልደገፍኩሽም። ያኔ እጅሽን ይዤ ኮሚቴው ፊት አብሬሽ ብቆም ኖሮ ምን ይመጣ እንደነበር አላውቅም። ምናልባት ሁለታችንንም ያባርሩን ነበር። የተባረረ ሰው ግን ቤቱ ነው የሚሄደው። እኔ ቤቴ፣ አጠገቧ እሆን ነበር።

ለጊዜው አትጻፊልኝ። ስችል እጽፋለሁ።


ጥር 14 ቀን 1991

ይድረስ ለጋሼ፤

አትጻፊ ያሉኝን የጣስኩት ነገሩ የእርስዎም ስለሆነ ነው። መልስ አልጠብቅም።

ኮሚቴው ጠርቶኝ ነበር። «ያለቀ ነገር ምን አስነሳሽ?» አሉኝ። አላለቀም አልኩ። ከሁለት ወር በኋላ ውሳኔው መጣ፤ ከቡድን መሪነት ተነስቼ፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኝ፣ ወደ ተመለሱ ካርዶች ጠረጴዛ ተመልሻለሁ። ወንበሩን በተጠባባቂነት ለመሰላል ሰጡት። በእርስዎ ማኅደር ላይ ያለው ጥፋት ተሰርዟል፤ ያልሠሩትን ሠራሁ በማለትዎ ግን ወቀሳ ተጽፎብዎታል። ወደዚህ ልመለስ ካሉ ይፈቀድልዎታል። ይህን ስጽፍ አፈርኩ፤ ለማን ይመለሳሉ?

ባለፈው ቅዳሜ ወደ ሟቿ ልጅ እናት ሄድኩ። አድራሻው ካርዱ ላይ ነበር፤ ሦስት ዓመት ሙሉ በቃሌ ይዤዋለሁ። ልብስ ሰፊ ናቸው። የስፌት መኪናቸው በር አጠገብ ነው፤ መንገዱን እያዩ ይሰፋሉ። ቆሜ ነገርኳቸው። ፔዳሉን አቆሙ።

«ያ ሽማግሌ ፊቴ ቆሞ እኔ ነኝ ብሎኝ ነበር።»

«አልነበሩም። እኔ ነኝ።»

«ይህን ሁሉ ጊዜ እሱን ስረግም ኖርኩ» አሉ። «ያለ ጥፋቱ?»

«አዎ።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ያኔ ብትነግሪኝ አንቺን እረግምሽ ነበር። አሁን ለመራገምም ደክሞኛል።» ወደ መኪናቸው ዞሩ። ክሩ መርፌው ውስጥ አልገባ አላቸው። ላግዝዎ ማለት አልቻልኩም። ቆሜ፣ ቆሜ፣ ወጣሁ። ይቅር አላሉኝም ጋሼ፤ እኔም አልጠየቅኋቸው። ትከሻሽ ቀለለልሽ ወይ የሚሉኝ ከሆነ፣ አልቀለለኝም። ሸክሙ የራሴ መሆኑን ግን አሁን አውቃለሁ።

ጭምቷ


ሰኔ 17 ቀን 1991

ይድረስ ለጋሼ፤

ሾፌሩ ካርድ ክፍሉን እንደጠየቁት ነገረኝ። ስለ እኔ እንዳልጠየቁም ነገረኝ። ስለ ካርድ ክፍሉ እጽፋለሁ።

መሰላል በሚያዝያ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገብቶ «ወንበሩን ውሰዱልኝ፤ እግሬ ጠረጴዛው ሥር አይገባም» ብሎ አመለከተ። ሌሎቹም በአንድ ወረቀት ላይ ፈርመው ነበር። ያስፈረመችው ማን እንደሆነች አልነግርዎትም፤ በአንድ ቀን አምስት ክፍል አዳርሳለች። ስለዚህ መልሰው ሾሙኝ። በመጀመሪያው ቀን ተቀምጬ ምን እንደማደርግ ጠፋኝ።

አሁን ዋናውን። አንዲት አዲስ ልጅ ተቀጥራለች፤ ሁለት ወሯ ነው። ባለፈው ሐሙስ ሰው ሲበዛ መስኮቱ ላይ ብቻዋን ተውኳት። ረፋዱ ላይ ጠረጴዛዬ ፊት መጥታ ቆመች፤ ፊቷ ወረቀት መስሏል። «እትዬ፣ የሌላ ሰው ካርድ ሰጠሁ መሰለኝ» አለችኝ። ጋሼ፣ ያ ቀን መጣብኝ። አፌ ውስጥ «ዝም በዪ፣ እኔ እጨርሰዋለሁ» የሚል ቃል ነበር፤ ምላሴ ላይ ነበር። ዋጥኩት።

«ማን ጋ ሄደ?»

«አምስት ቁጥር ክፍል።»

እጇን ይዤ ሮጥን። በኮሪደሩ ሰው እየገፋን፣ እሷ አንድ ጫማዋ ወልቆ በባዶ እግሯ። በሩን ሳናንኳኳ ገባን። ሐኪሙ እስክሪብቶው ወረቀት ላይ ነበር። «ንገሪያቸው» አልኳት። እጄን ጀርባዋ ላይ አደረግሁ፤ ልቧ ከኋላ በኩል ይሰማኛል። ተናገረችው። ራሷ፣ በራሷ አፍ። ሐኪሙ የጻፈውን ቀደደ። ከዚያ ጮኸባት፤ መጮህ ይገባው ነበር። ጩኸቱ እስኪያልቅ አልተንቀሳቀስኩም። ሲያበቃ «ስህተቱን የሠራችው እሷ ናት። ይዛው የመጣችውም እሷ ናት። ሁለቱንም ይጻፉላት» አልኩት።

ሪፖርቱን ስሟን ሳልደብቅ ጻፍኩ። የራሴንም ጻፍኩ፤ አዲስ ሠራተኛን በተጨናነቀ ቀን ብቻዋን የተውኩት እኔ ነኝና። በማግሥቱ አስተዳደር ጠራን፤ አብረን ገባን፣ አብረን ወጣን። ማስጠንቀቂያ ሁለታችንም አለን። ሥራዋ ላይ ናት። በሽተኛው መድኃኒቱን ይዞ ቤቱ ሄዷል፤ ምን እንዳለፈው አያውቅም።

ሌላው ሁሉ ሲሄድ መደርደሪያው መሐል ገብቼ አለቀስኩ። ስለ ልጅቷ አይደለም። ለዚያች የሃያ ስድስት ዓመት ሴት ምነው እንዲህ በሮጥንላት ብዬ ነው።

ጭምቷ


ጥቅምት 6 ቀን 1992

ለጭምቷ ልጄ፤

ብዙ አስጠበቅሁሽ፤ እንደ ባለቤቴ አልችልበትም እንጂ መጠበቅን እኔም አየሁት። ደብዳቤሽን እጥፋቱ እስኪሳሳ አንብቤዋለሁ። ቁጣዬ ጠፍቷል ብዬ አልዋሽሽም። እየደከመ ነው። ሲመጣብኝ ያቺን ባዶ እግሯን የሮጠች ልጅ አስባለሁ፤ ጀርባዋ ላይ ያለውን እጅ አስባለሁ። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት መሪ ተብዬ ለሰው ተቆጥቻለሁ፣ ለሰው ዋሽቻለሁ፣ በሰው ፈንታ ተቀጥቻለሁ። ከአንድም ሰው ጋር ግን እንዲህ አልሮጥኩም።

ጡረታዬ ወጥቷል። ትመለሳለህ ወይ ብለው ሲጠይቁኝ ነበር፤ እመለሳለሁ ብያለሁ። ቤቱ ባዶ ነው፤ ባዶም ቢሆን የእሷ ነው። ስምንት ከትናንት ጀምሮ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጦ አልነሳም ብሏል፤ በግድ ነው የማስነሳው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እገባለሁ። አርብ መጀመሪያ መቃብሯ ልሂድ፤ ብቻዬን። ቅዳሜ ግን ነፃ ከሆንሽ ወደዚያች ልብስ ሰፊ ቤት ውሰጂኝ። አንቺ የራስሽን ነግረሻታል፤ የእኔ ይቀራል። ልጇን ቀብራ በማግሥቱ ፊቷ ቆሜ ዋሽቻታለሁ፤ ያን ውሸት ደግነት ነው ብዬ ስጠራው ኖሬያለሁ። ምን እንደምላት አላውቅም። ብታስወጣኝ እወጣለሁ።

እንዳትናገሪልኝ። እንዳትከላከዪልኝም። አጠገቤ ብቻ ቁሚ።

ጋሼሽ